የከፋችዋን ፍለጋ

ዕቃን ለስሌት የሚከፋፍለው ፕሮግራም ሥራውን ሲጨርስ አስቀድሞ የሚያሳየው አማካዩን ነው። የፓምፕ ቤት ይሁን የክሬን ክንድ ማያያዣ፣ ቅርጹ ወደ አንድ ሚሊዮን ትናንሽ ቁራጮች ተከፋፍሏል። ፍጹም የሆነው 1 ቢባል የቁራጮቹ አማካይ ጥራት 0.84 ነው አለ እንበል። ጀማሪው ይህን አይቶ እፎይ ይልና ወደ ስሌቱ ይገባል። ዓይኑ የሠለጠነ ሰው ግን አማካዩን ገረፍ አድርጎ ያልፈዋል። እሱ የሚፈልገው የአንዷን አድራሻ ነው፤ ከሚሊዮኑ ሁሉ የከፋችዋ የትኛዋ ናት? የተቀመጠችውስ የት ነው?

ብረት በአማካይ አይሰበርም። የሚሰበረው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜም ቅርጹ በሚጠብበትና ጥጉ በሚጠመዘዝበት ቦታ። መከረኞቹ ቁራጮች ተሰብስበው የሚገኙትም እዚያው ነው። ሰፊውና ሜዳው ክፍል ላይ ማንም ፕሮግራም የሚያምር ቁራጭ ይደረድራል። ስለዚህ ጥሩዎቹ ጥሩ መሆናቸው ብዙም የሚነግረን ነገር የለም።

ይህ የቁራጮች መረብ ሜሽ ይባላል። የሚያስፈልገው የአንድ ጠማማ ዕቃ ውስጣዊ ውጥረት በአንድ ቀመር ተጽፎ ስለማያልቅ ነው። ቁራጩ ትንሽና ቅርጹ ቀላል ከሆነ ግን በውስጡ ያለውን ለውጥ በቀላል ቀመር መገመት ይቻላል፤ ቁራጩ ሦስት ማዕዘን ወይም አራት ማዕዘን፣ ጥልቀት ሲኖረው ደግሞ ባለ አራት ፊት ፒራሚድ ወይም ጡብ መሰል ይሆናል። ቁራጯ ኤለመንት ናት፤ ማዕዘኖቿ ኖዶች ናቸው። ጎረቤታሞች ኖድ ስለሚጋሩ አንዷ የሚደርስባት ለሌላዋ ይተርፋል፤ ኮምፒውተሩም ሁሉንም ባንድነት ይፈታል። ለዘዴው የዛሬውን ስሙን የሰጡት የበርክሌው ፕሮፌሰር ሬይ ክላፍ ናቸው፤ ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1960። ሁለት ዓመት ቆይተው ከተማሪያቸው ከኤድዋርድ ዊልሰን ጋር ሆነው አርካንሳስ ውስጥ ያለውን የተሰነጠቀ የኖርፎርክ ግድብ በዚሁ መንገድ አሰሉት። በዚያ ዘመን መረቡን የሚሣለው ሰው ነበርና እያንዳንዷን ሦስት ማዕዘን በዓይኑ ያውቃታል። ዛሬ ፕሮግራሙ ሚሊዮኑን በደቂቃዎች ይዘረግፈዋል፤ አብዛኞቹን ኤለመንቶች ማንም ሳያያቸው ስሌቱ ያልቃል።

ከሦስት ማዕዘን እንነሣ። ሦስቱም ዘዌዎቿ 60 ዲግሪ የሆነችው እንከን የላትም። የምትበላሸው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው መሹል ነው፤ ሁለቱ ጎኖች ረጅም፣ ሦስተኛው አጭር ይሆንና ጫፏ ይቀጥናል። ሁለተኛው መንጠፍ ነው፤ አንደኛው ዘዌ ተከፍቶ ተከፍቶ ወደ 180 ዲግሪ ይጠጋል፤ ሦስቱ ኖዶች በአንድ መስመር ላይ ሊያርፉ ጥቂት ይቀራቸዋል። ሁለቱም ቀጫጭን ናቸውና ለዓይን እኩል ያስቀይማሉ። በስሌት ግን እኩል አይደሉም። ኢቮ ባቡሽካ እና አዚዝ እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጡት ጥናት ግምቱን የሚያበላሸው የትንሹ ዘዌ ማነስ ሳይሆን የትልቁ ዘዌ ወደ 180 መጠጋት መሆኑን አሳይተዋል። ሹሏ ልትማር ትችላለች፤ የተነጠፈችው ግን ምሕረት የላትም።

ለምን ቢባል፣ በተነጠፈችዋ ሦስት ማዕዘን መካከለኛው ኖድ በሁለቱ ጫፎች መካከል ካለው መስመር የሚርቀው በጣት ጥፍር ያህል እንኳ አይደለም። መካከለኛው ኖድ ላይ ያለው መጠን ሁለቱ ጫፎች ከሚጠቁሙት ጥቂት ቢለይ፣ ያ ጥቂት ልዩነት ለዚያች ኢምንት ቁመት ይካፈላል። ኢምንት ለኢምንት ሲካፈል የሚወጣው ኢምንት ላይሆን ይችላል። በዚያ አቅጣጫ በእውነቱ ውስጥ የሌለ ገደላማ ለውጥ ይወለዳል። ውጥረት ደግሞ የሚሰላው ከለውጥ ቁልቁለት ነው፤ ስለዚህ ሐሰተኛው ገደል በቀጥታ ሐሰተኛ ውጥረት ይሆናል።

ይህን ለማመን የሚቸገር ሰው ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ሄርማን ሽዋርትስ በ1880 አካባቢ ያቀረበውን፣ ዛሬ የሽዋርትስ ፋኖስ የሚባለውን ቅርጽ ይመልከት። ቁመቱ ከራዲየሱ እኩል የሆነ ሲሊንደር ውሰዱ። ከላይ እስከ ታች በቀለበት ከፋፍሉት። በየቀለበቱ ላይ እኩል የተራራቁ ነጥቦች አኑሩ፤ የአንዱ ቀለበት ነጥቦች በሚቀጥለው ነጥቦች መሀል እንዲያርፉ ግማሽ እርምጃ አዙሯቸው፤ ከዚያ ሁሉንም በሦስት ማዕዘን አገናኙ። እያንዳንዱ ነጥብ ያለው በትክክል በሲሊንደሩ ገላ ላይ ነው፤ ከቦታው የወጣ አንድም የለም። አሁን ነጥቦቹንና ቀለበቶቹን እያበዙ መሄድ ነው። የሦስት ማዕዘኖቹ ስፋት ድምር ወደ ሲሊንደሩ ስፋት መጠጋት አለበት ብሎ የማይጠብቅ የለም። ሁለቱ እኩል ሲበዙ በእርግጥም ይጠጋል። የቀለበቶቹ ቁጥር በየቀለበቱ ባሉት ነጥቦች ቁጥር ካሬ ልክ ሲበዛ ግን ድምሩ የሚያርፈው ከእውነተኛው ስፋት አምስት እጥፍ ገደማ ላይ ነው። ከዚያም ፈጥኖ ሲበዛ ወሰን የለውም፤ ስፋቱ እያደገ ይሄዳል። ቀለበቶቹ ሲጠጋጉ ሦስት ማዕዘኖቹ ይነጠፋሉ፤ ሲነጠፉም ፊታቸውን ከሲሊንደሩ ገላ መልሰው ወደ ላይና ወደ ታች ያዞራሉ፤ ገላው ሁሉ ተጨማዶ እጥፍጥፍ ይሆናል። ነጥቡ ሁሉ ልክ፣ ድምሩ ሐሰት። ቁራጩን ማሳነስና ማብዛት ብቻውን መድኃኒት ነው ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

በሜዳማ ገጽ ላይ ይህን በሽታ የሚከላከል ዘዴ አለ፤ አለማድነቅ አይቻልም። ጂም ሩፐርት በ1990ዎቹ ያቀረበው ነው። ዘዴው መጥፎዋን ሦስት ማዕዘን ሊጠግናት አይሞክርም። ሦስቱን ኖዶቿን የሚያካልለውን ክብ ያሰላና በክቡ መሀል ላይ አዲስ ኖድ ይተክላል፤ ከዚያ አካባቢውን ሩሲያዊው ቦሪስ ዴሎኔ በ1934 ባስቀመጠው ደንብ መልሶ ያገናኛል። አዲሱ ኖድ ከማንኛውም ነባር ኖድ በቂ ርቀት ላይ ስለሚያርፍ መጨናነቅ አይፈጠርም፤ መጥፎዋም ትጠፋለች። የተሰጠው ቅርጽ ራሱ ጠባብ ማዕዘን ከሌለው፣ ከ20.7 ዲግሪ ያነሰ ዘዌ ሳይተው ሥራው እንደሚያልቅ በሒሳብ ተረጋግጧል። ትንሹ ዘዌ ከ20 በላይ ከሆነ ትልቁ ከ140 አይዘልም፤ ስለዚህ መነጠፍ የሚባለው ነገር አብሮ ቀረ ማለት ነው። የበርክሌው ጆናታን ሹቹክ ይህን ትራያንግል በተባለ ፕሮግራም ውስጥ አስገብቶ ለሁሉም አደረሰው። በተግባር ከ30 ዲግሪ በላይም ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ ይሳካለታል።

ጥልቀት ሲጨመር ግን ይህ ሰላም ይፈርሳል። አርስቶትል እኩል ጎን ያላቸው ባለ አራት ፊት ፒራሚዶች ተገጣጥመው ክፍተት ሳይተዉ ሥፍራን ይሞላሉ ብሎ ነበር፤ ብዙ ትውልድም ተቀበለው። አይሞሉም። የእንዲህ ዓይነቱ ፒራሚድ ሁለት ፊቶች የሚገናኙበት ዘዌ 70.5 ዲግሪ ገደማ ነው። አምስቱን በአንድ ጠርዝ ዙሪያ ብንደረድር ከሰባት ዲግሪ ጥቂት የሚበልጥ ክፍተት ይቀራል፤ ስድስተኛ አይገባበትም። ስለዚህ በፒራሚድ የተሞላ ማንኛውም ሜሽ ውስጥ አንዳንዶቹ የግድ መጣመም አለባቸው። ፍጹም ሜሽ እንደማይኖር ከመነሻው ተወስኗል፤ መርማሪው የሚከራከረው ጉድለቱ በማን ላይ ይረፍ በሚለው ነው።

ከተጣመሙት ሁሉ ተንኮለኛዋ ስሊቨር የምትባለዋ ናት። በወረቀት ላይ በተሣለ ካሬ አራት ማዕዘኖች ላይ አራት ኖዶች ይቀመጡ፤ ሁለቱን ተቃራኒዎች ከወረቀቱ እጅግ ጥቂት ከፍ አድርጓቸው። አራቱ ኖዶች ፒራሚድ ሠሩ። ፊቶቿን አንድ በአንድ ብትለኩ እያንዳንዱ 45፣ 45 እና 90 ዲግሪ ገደማ ያለው ጤናማ ሦስት ማዕዘን ነው። የጠርዞቿ ርዝመት ተቀራራቢ ነው፤ ረጅሙ ከአጭሩ አንድ ተኩል እጥፍ አይሞላም። ይዘቷ ግን ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ፊትን ብቻ የሚያይ፣ ጠርዝን ብቻ የሚለካ ምርመራ በደስታ ያሳልፋታል። የምትያዘው ፊቶቿ እርስ በርስ የሚገናኙበት ዘዌ ሲለካ ነው፤ አንዳንዱ ወደ 0፣ አንዳንዱ ወደ 180 የተጠጋ ሆኖ ይገኛል። የዴሎኔ ደንብም ብቻውን አይከለክላትም። ለዚህ ነው በአንድ መለኪያ ብቻ የተመረመረ ሜሽ እንዳልተመረመረ የሚቆጠረው።

ለአራት ማዕዘንና ለጡብ መሰሎቹ ዋናው መለኪያ ጃኮቢያን ነው። ስሌቱ የሚካሄደው መጀመሪያ በአንድ ፍጹም ካሬ ላይ ነው፤ ከዚያ ያ ካሬ ተስቦና ተዘንብሎ በእውነተኛዋ ኤለመንት ልክ ይዘረጋል። ጃኮቢያን በእያንዳንዱ ቦታ ካሬው ምን ያህል እንደተለጠጠ ወይም እንደተጨመቀ ይናገራል። የኤለመንቷ መጠን ከስሌት እንዲወጣ በጎኖች ርዝመት ሲካፈል፣ በአራት ማዕዘን ጥግ ላይ የሚቀረው የዘዌው ሳይን ነው። 90 ዲግሪ ከሆነ 1። ሁለቱ ጎኖች በአንድ መስመር ላይ ከተዘረጉ 0። ጥጉ ወደ ውስጥ ከታጠፈ ከዜሮ በታች፤ ያኔ ካሬው በከፊል ተገልብጧል ማለት ነው፤ ውስጡ ወደ ውጭ ሆኗል።

አንድ ረቂቅ ነገር አለ። ብዙ ፕሮግራሞች ጃኮቢያንን የሚለኩት ስሌቱ በሚካሄድባቸው የኤለመንቷ የውስጥ ነጥቦች ላይ ነው፤ ሌሎች ጥጎቹ ላይ ይለካሉ፤ አንዳንዱ ምርጫውን ለተጠቃሚው ይተወዋል። ጥጓ የተበላሸች ኤለመንት የውስጥ ነጥቦቿ ላይ ደህና ልትመስል ትችላለች። ስለዚህ ሁለት መሐንዲሶች ስለ አንድ ሜሽ የተለያየ ቁጥር ይዘው ሲከራከሩ፣ ብልሁ አስቀድሞ የሚጠይቀው የት ላይ ለካችሁ ብሎ ነው።

ጃኮቢያኗ ከዜሮ በታች የሆነችው ኤለመንት በጣም አታስፈራም። ስሌቱን የሚፈታው ፕሮግራም ሲደርስባት ብዙውን ጊዜ ይቆማል፣ ቁጥሯን ጠርቶ ይጮኻል። የምታስፈራው 0.1 የሆነችዋ ናት። ሕጋዊ ናት፤ ስሌቱን አታቆምም፤ መልስም ትሰጣለች። መልሱ ከሌሎቹ ጋር ተቀላቅሎ ከሰማያዊ ወደ ቀይ በሚሄድ ውብ ቀለም ይቀባል፤ ሥዕሉም ስብሰባ ላይ ይቀርባል።

ይህ ምን ሊያስከትል እንደሚችል የሙያው ሰዎች ሁሉ የሚያውቁት አንድ ታሪክ አለ። ስላይፕነር ኤ በሰሜን ባሕር 82 ሜትር ጥልቀት ላይ ቆሞ ጋዝ እንዲያወጣ የታቀደ መድረክ ነበር። መሠረቱ ኮንክሪት ነው፤ 24 ሕዋሶች ተያይዘው የቆሙበት፣ አራቱ ወደ ላይ ረዝመው እግር የሆኑበት። እግሮቹ የሚሸከሙት ወለል 57,000 ቶን ይመዝናል። ሦስት ክብ ሕዋሶች ጎን ለጎን ሲቆሙ መሀላቸው ሦስት ጥግ ያለው ክፍት ቦታ ይቀራል። ይህ ቦታ ከላይ ለባሕሩ ክፍት ነውና ውኃ ይሞላዋል፤ ስለዚህ መሠረቱ ወደ ታች ሲሰምጥ በዙሪያው ያሉት ግድግዳዎች ከባድ የውኃ ግፊት ይሸከማሉ፤ ግፊቱም የሚከማቸው ግድግዳዎቹ በሚጋጠሙበት ጥግ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 23 ቀን 1991 መሠረቱ በኖርዌይ ስታቫንገር ከተማ አጠገብ ባለው ጋንድስፍዮርድ ውስጥ ለሙከራ ቀስ እያለ እንዲሰምጥ ይደረግ ነበር። 65 ሜትር ላይ ሲደርስ ከነዚህ ግድግዳዎች አንዱ ተሰነጠቀ። የገባውን ውኃ ፓምፖቹ ሊቋቋሙት አልቻሉም። መሠረቱ ወደ ጥልቁ ወረደ፤ በግፊቱ ተፈረካከሰ፤ ፍርስራሹ 220 ሜትር ጥልቀት ባለው ወለል ላይ ሲያርፍ በርዕደ መሬት መለኪያ 3.0 ተመዘገበ። ሰው አልሞተም። ጥፋቱ 700 ሚሊዮን ዶላር ያህል ተገመተ።

ምርመራው ወደ ሜሹ መራ። ስሌቱ የተሠራው በናስትራን ነው፤ በናሳ የተጀመረ፣ በዓለም የታወቀ ፕሮግራም። ፕሮግራሙ የተሰጠውን በታማኝነት አስልቷል። የተሰጠው ግን ያ ሦስት ጥግ ያለው ቦታ በሻካራና በተንጋደዱ ኤለመንቶች የተከፋፈለበት ሜሽ ነበር። በግድግዳው ላይ የሚያርፈው የሸር፣ ማለትም የመቁረጥ፣ ኃይል ከእውነተኛው በ47 በመቶ አንሶ ወጣ። በዚያ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ግድግዳው ቀጠነ፤ በጥጉ ላይ የገባው ፌሮም በቂ ርዝመት አልነበረውም። ከአደጋው በኋላ ያው ግድግዳ በጥንቃቄ በተሠራ ሜሽ እንደገና ሲሰላ፣ በ62 ሜትር ጥልቀት ላይ ይሰነጠቃል የሚል መልስ መጣ። ከእውነተኛው የለየው ሦስት ሜትር ብቻ ነው። እኔን የሚገርመኝ ይህ ቁጥር ነው። ዘዴው ልክ ነበር፤ ቀመሩ ልክ ነበር፤ ፕሮግራሙም ልክ ነበር። ያልታየው የጥጉ አቀማመጥ ነው።

ስለዚህ ጥግን ማበጀት ምን እንደሚመስል ጠጋ ብለን እንየው። ቀላል የሚመስል ሥራ ልውሰድ፦ የቧንቧን ወይም የሲሊንደር ዘንግን ክብ ገጽ በአራት ማዕዘኖች መሙላት። አዲስ አበባ ውስጥ ኮብልስቶን ሲነጠፍ ያየ ሰው ችግሩን ያውቀዋል፤ ካሬ ድንጋይ ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ይሮጣል፣ ክብ የፍሳሽ ክዳን ዙሪያ ሲደርስ ግን አንጣፊው ይቆማል፣ ድንጋዩን ያዞራል፣ ይጠርባል።

ሰነፉ መፍትሔ ክቡን እንደ አንድ ትልቅ አራት ማዕዘን መቁጠር ነው። በክቡ ዙሪያ ላይ አራት ነጥብ መርጦ ጥግ ናቸው ይላል፤ ከዚያ በመደዳ ይከፋፍላል። ነገር ግን ክብ ጥግ የለውም። ጥግ በተባለው ነጥብ ላይ ሁለቱ ጎኖች የሚገናኙት በቀጥታ መስመር ነው፤ ዘዌው 180 ዲግሪ፣ ጃኮቢያኑ 0። ሜሹን እያደቀቁ ሲሄዱ እነዚያ አራት ኤለመንቶች ይብስባቸዋል እንጂ አይሻሻሉም። የቀሩት ሺዎች ውብ ናቸው፤ አማካዩም ያማረ ነው።

ባለሙያው በክቡ መሀል ካሬ ያስቀምጣል፤ ከካሬው አራት ጥጎች ወደ ክቡ ዙሪያ አራት መስመሮች ይስባል። አሁን አምስት ክፍሎች ሆኑ፤ መሀል ያለው ካሬና በዙሪያው ያሉ አራት ጎረቤቶች። በክቡ ዙሪያ ላይ መስመሮቹ ቀጥ ብለው ስለሚገቡ ዘዌው 90 ነው፤ እዚያ ጭንቀት የለም። ጭንቀቱ ወደ ካሬው ጥጎች ተዛውሯል። በእያንዳንዱ ጥግ ላይ ሦስት ክፍሎች ይገናኛሉ፤ ካሬው 90 ዲግሪ ይወስዳል፣ የቀረውን 270 ሁለቱ ጎረቤቶች ይካፈላሉ፤ ለእያንዳንዳቸው 135። የ135 ሳይን 0.707 ነው። ከዜሮ 0.707 ላይ መድረስ ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙዎችም እዚህ ላይ ያቆማሉ።

አንዳንዶቹ ግን አያቆሙም። የመሀሉን ካሬ ጎኖች ቀጥ አድርገው አይተዉም፤ ትንሽ ወደ ውጭ ያጎብጧቸዋል፤ ካሬው ከክብ ጋር ይመሳሰላል። ጎኖቹ ሲጎብጡ የካሬው ጥግ ከ90 ይከፈታል፤ የተከፈተውን ያህል ሁለቱ ጎረቤቶች ይቀልላቸዋል። ጥጉ 120 ሲደርስ ሦስቱም እኩል 120 ይሆናሉ። የ120 ሳይን 0.866 ነው። መሀሉ ላይ የነበረው ፍጹም 90 ተሰውቷል፤ ሦስቱም ጉድለቱን እኩል ተካፍለዋል፤ የከፋችዋ ግን ከ0.707 ወደ 0.866 ወጣች። በሦስት መካከል 360 ዲግሪን ከዚህ በተሻለ መክፈል አይቻልም። በሥዕሉ ላይ የሚታየው ልዩነት አራት መስመሮች ትንሽ መጉበጣቸው ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሜሽ ሳይ የጉብጠቱን ልክ መጀመሪያ እመለከታለሁ፤ ሠሪውን ከሱ አውቀዋለሁ። ስላይፕነር ላይ ያ ሦስት ጥግ ያለው ቦታም የጠየቀው እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ነበር።

እስካሁን ቀጭን ኤለመንት መጥፎ ናት ስል ቆይቻለሁ። በአየርና በውኃ ፍሰት ስሌት ውስጥ ይህ ፍርድ ይገለበጣል። በአውሮፕላን ክንፍ ገላ ላይ አየሩ ከቆመበት ተነሥቶ ሙሉ ፍጥነቱ ላይ የሚደርሰው እጅግ ስስ በሆነ ንብርብር ውስጥ ነው። ያንን ለመያዝ የመጀመሪያዋ ረድፍ ውፍረት በማይክሮሜትር ይቆጠራል፤ በፍሰቱ አቅጣጫ ግን ለውጡ ዝግ ያለ ነውና ኤለመንቷ በዚያ በኩል ሚሊሜትሮች ብትዘረጋ አይጎዳም። ርዝመቷ የውፍረቷ መቶ እጥፍ፣ አንዳንዴም ሺህ እጥፍ ይሆናል። ልክ ያለች ኤለመንት ናት፤ ምክንያቱም የተኛችው ከፍሰቱ ጋር ነው። ያቺኑ ኤለመንት 45 ዲግሪ ብታዞሯት ቆሻሻ ትሆናለች። ኦፕንፎም በተባለው ነፃ ፕሮግራም ውስጥ ቼክሜሽ የሚባል መርማሪ አለ። በሁለት ጎረቤታሞች ማዕከል መካከል ያለው መስመር የሚጋሩትን ፊት ከ70 ዲግሪ በላይ ተንጋድዶ ሲያቋርጥ ያስጠነቅቃል፤ ርዝመት ለውፍረት ከ1000 እጥፍ ሲያልፍም እንዲሁ። ሁሉም ካለፈ «ሜሽ ኦኬ» ብሎ ይዘጋል። ቼክሜሽ ፍሰቱ በየት በኩል እንደሚሄድ አያውቅም። ያንን የሚያውቀው ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው፤ ስለዚህ አንዳንዴ ማስጠንቀቂያውን አንብቦ ትክክል ነው፣ ይሁን ይላል፤ አንዳንዴም «ኦኬ» የተባለውን ሜሽ ይጥላል።

መጥፎዋ ከተገኘች በኋላ ያለው ጥገና ጀማሪ እንደሚያስበው ኖድ እየጎተቱ መዋል አይደለም። በእርግጥ ኖድን በጎረቤቶቹ መሀል የሚያሳርፍ ማለስለሻ አለ፤ ይሠራልም፤ ግን ቅርጹ ወደ ውስጥ በሚጎደጉድበት ቦታ ኖዱን ገፍቶ ከዕቃው ውጭ ሊያወጣው ይችላል፤ ኤለመንቷም ትገለበጣለች። ልምድ ያለው ሰው ከመንካቱ በፊት ይህች ለምን እዚህ ተፈጠረች ብሎ ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ መልሱ ያለው ከሜሹ በፊት፣ በሥዕሉ ላይ ነው። ንድፍ አውጪው ሁለት ገጾችን ሲያገናኝ ለዓይን የማትታይ የ0.02 ሚሊሜትር ጠርዝ ቀርታለች፤ ወይም ክብ የተደረገ ጥግ ሲያልቅ ምላጭ የመሰለ ስስ ገጽ ትቷል። ሜሽ ሠሪው ፕሮግራም ታማኝ ነው፤ ለዚያች ጠርዝ ኖዶች ይሰጣታል፤ ትልቁ ጎረቤትም ከእሷ ጋር ለመጋጠም ይጣመማል። ሺህ ጊዜ ቢያለሰልሱት አይድንም። ጠርዟን ከሥዕሉ ላይ ሰርዞ እንደገና መከፋፈል ግን ሃያና ሠላሳ መጥፎዎችን ባንድ ጊዜ ያጠፋል።

ከሁሉ የማደንቀው የሜሽ ምርመራ ሪፖርትን የመጨረሻ ገጽ ነው። ጥሩ መርማሪ መጥፎዎቹን ሁሉ አያጠፋም፤ ጊዜውም ገንዘቡም ውስን ነው፤ የሚያስፈልገውን አጥፍቶ የቀሩትን ጽፎ ያስቀምጣል። ገጹ እንዲህ ያለ ነገር ይነበብበታል፦ ጥራታቸው ከ0.2 በታች የሆነ አራት ኤለመንቶች ቀርተዋል። ሦስቱ በቡሎን ራስ ውስጥ ናቸው፤ የሚጠየቀው ውጥረት እዚያ ስላልሆነ ተትተዋል። አራተኛዋ ክብ ከተደረገው የውስጥ ጥግ አጠገብ ናት፤ አካባቢዋ በግማሽ ተቆርጦ እንደገና ተሰልቷል፤ ከፍተኛው ውጥረት የተለወጠው ከ1 በመቶ ባነሰ ነው። የአራቱም የመለያ ቁጥር ከጎናቸው ተጽፏል፤ የተጠራጠረ መሐንዲስ ሜሹን ከፍቶ፣ ቁጥሩን አስገብቶ፣ ራሱ ሊያያቸው ይችላል።